ድምፃዊና ራፐር የሚገባበት ቢት እንዴት ይሠራል? ከባዶ ፕሮጀክት እስከ ፋይል መላክ

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ስለ ቢት (ድምፅ ስለሚገባበት ሙዚቃ) በቴሌግራም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ቢቴን የሰማ ሁሉ አሪፍ ነው ይላል። ግን ማንም አይዘፍንበትም። ለምን?» ቢቱን ከፍቼ ሳዳምጠው መልሱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው 30 ሴኮንድ ውስጥ ይገኛል። ቢቱ ሞልቷል። ሰው የሚቆምበት ቦታ የለውም።

ጎጃም ውስጥ ሠርግ ላይ ያጨበጨበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውራጁ ስንኙን ሲያወጣ ተቀባዩ ያዳምጣል፤ ከበሮው ብቻ ይቀጥላል። ስንኙ ሲያልቅ ተቀባዩ ይመልሳል። እናንተ የምትሠሩት ቢት ተቀባይ ነው። አውራጁ ገና አልመጣም። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ላልመጣው ሰው ቦታ የማዘጋጀት ሥራ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ። 8 ጊጋ ራም ካለው ይበቃል። ባትሪው ግን የግድ ነው፤ መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ፕሮግራሙ በየ5 ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉት።
- የቢት መሥሪያ ፕሮግራም። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ብዙ ሰው የለመደው ነው። ሪፐር ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው በባንድላብ መጀመር ይችላል።
- ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን።
- 25 ቁልፍ ያለው ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ድምፆች የሚያጫውት)። ከሌለ በማውስም ይሠራል፣ ብቻ ይዘገያል።
- ስልካችሁ። ለመቅዳትም፣ ቢቱን ለመፈተሽም፣ ድምፅ ለመለካትም ያገለግላል። ነፃ የሆነ የቱነር አፕ (የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያነብ) ጫኑበት።
- ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ።

ማይክና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) የሚያስፈልጋችሁ ማሲንቆ፣ ክራር ወይም ዋሽንት ራሳችሁ የምትቀዱ ከሆነ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ቢት ብር አትበደሩ።

ጥንቃቄ፦ የኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሙከራ ቅጂ ሁሉንም ነገር ያሠራል፤ ያስቀመጣችሁትን ፕሮጀክት ግን መልሶ አይከፍትም። በሙከራ ቅጂ የምትሠሩ ከሆነ ፕሮግራሙን ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ አውጥታችሁ አስቀምጡ። ይህን ሳያውቅ የሁለት ሳምንት ሥራ ያጣ ልጅ አውቃለሁ።

ደረጃ 1፦ ለማን እንደምትሠሩ ወስኑ

ቢት ለሁሉም ሰው አይሠራም። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ድምፃዊ ወይም አንድ ራፐር በአእምሯችሁ ያዙ። የምታውቁት ሰው ከሆነ አንድ ደቂቃ በስልክ ቀድቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ ያለ ሙዚቃ፣ በለመደው አኳኋን።

ድምፃዊ ከሆነች ደግሞ ከሚመቻት ዝቅተኛ ድምፅ እስከ ሚመቻት ከፍተኛ ድረስ እንድታንጎራጉር ጠይቋትና በቱነር አፑ አንብቡ። የአዝማቹ ከፍተኛ ድምፅ ከእሷ ጣሪያ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ የቢቱን ቁልፍ ምረጡ። ለምን? ሰው በስሜት ሲዘፍን ከተለማመደው በላይ ይወጣል። ጣሪያዋ ላይ ከጻፋችሁላት መውጫ የላትም፤ ትጮሃለች ወይም ትተወዋለች።

ደረጃ 2፦ ፍጥነቱን በአፋችሁ ለኩ

ቁጥሩን ከሌላ ቢት አትቅዱ። የአማርኛ ግስ ረጅም ነው፤ «አልመጣሁላችሁም» አንድ ቃል ነው። ለእንግሊዝኛ ራፕ የተመቸ ፍጥነት የእኛን ራፐር ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ዘና ላለ ራፕ ከ80 እስከ 95 ቢፒኤም (በደቂቃ ያለው የምት ብዛት)፣ ለትራፕ ከ130 እስከ 150 (ስኔሩ፣ ማለትም ስል ድምፅ ያለው ከበሮ፣ ሦስተኛው ምት ላይ ስለሚያርፍ ግማሹ ፍጥነት ሆኖ ይሰማል)፣ ለድሪል ከ140 እስከ 145፣ ለቀስታ ትዝታ 70 ገደማ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) ከፍታችሁ አንድ ስንኝ በላዩ በሉ። ቃል ከተዋጠ 5 ቀንሱ። ቃል ከተጎተተ 5 ጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ቅኝቱን ምረጡ፣ ከዚያም አትውጡ

ብዙ ቢት የሚበላሸው እዚህ ነው። ድምፃዊው በቅኝት አድጓል። ቢቱ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ አንድ ድምፅ ከጨመረ ምን እንደሆነ ባያውቀውም ይደናቀፋል። ከዚያ «አልመጣልኝም» ብሎ ይተወዋል።

ከታች ያሉት ቁጥሮች ከመነሻው ቁልፍ ተነሥታችሁ ነጩንም ጥቁሩንም እየቆጠራችሁ የምትሄዱባቸው ናቸው። መነሻው 0 ነው። በየትኛውም ቁልፍ ብትጀምሩ ይሠራል።

- ትዝታ ሜጀር፦ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9
- ትዝታ ማይነር፦ 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8
- ባቲ ሜጀር፦ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11
- ባቲ ማይነር፦ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10
- አምባሰል፦ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8
- አንቺሆዬ፦ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9

ለራፕ ስትሠሩ በትዝታ ማይነር ወይም በባቲ ማይነር መጀመር ይቀላል፤ ከተለመደው የማይነር ስኬል ጋር ስለሚስማሙ ያላችሁ ሳምፕል (የተቀዳ የድምፅ ቁራጭ) ሁሉ ያግዛችኋል። አምባሰል ከፉከራ መንፈስ ጋር ደስ ይላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

ጥንቃቄው ይህ ነው። ኮርድ የለመደ እጅ ሳያስብ ሦስት ድምፅ ይጫናል። አምባሰል ላይ ሆናችሁ ከመነሻው ላይ ሜጀር ኮርድ ብትጫኑ 4ኛውን ቁልፍ ታመጣላችሁ። አምባሰል ውስጥ 4 የለም። ቅኝቱ እዚያው ይፈርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙሉ ኮርድ በመጫን ፋንታ መነሻውንና 7ኛውን ቁልፍ ብቻ አብራችሁ ያዙ። 7 ከአንቺሆዬ በስተቀር ከላይ በተዘረዘሩት ሁሉ ውስጥ አለ። አንቺሆዬ ላይ መነሻውን ብቻ ያዙ፣ ሌላውን ለዜማው ተዉት።

ደረጃ 4፦ ከበሮውን ጣሉ

ኪክ (ወፍራሙ ከበሮ) እና ስኔር ብቻ አድርጋችሁ ጀምሩ። ለ8 ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው) እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን ሲጫወቱ አንገታችሁ ካልተነቃነቀ ሃይ-ሃት (ጸናጽል መሳዩ ቀጭን ድምፅ) ቢደረደር አያድነውም።

የጎጃም ጭፈራ ስሜት የምትፈልጉ ከሆነ ግሪዱን (ምቶቹ የሚቀመጡበትን መስመር) ወደ ትሪፕሌት ቀይሩ፤ አንዱ ምት በሦስት ይከፈላል። አንድ ባር 12 ቦታ ይኖረዋል። ለጭፈራ ኪኩን 1 እና 7 ላይ፣ ጭብጨባውን 4 እና 10 ላይ አድርጉ። ራፐር እንዲገባበት ከፈለጋችሁ ግን ጭብጨባውን 7 ላይ ብቻ አስቀምጡ፣ ኪኩን ደግሞ ከ7 አንሡት። ያው ችክችካ ነው፤ አሁን ግን ሰፍቷል፣ ቃል ያስገባል።

ሃይ-ሃቱን ዝቅ አድርጉ። ምክንያቱ የቋንቋችን ነው። አማርኛ ጥብቀትና ላላት አለው። «አለ» ስንል ለ ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይኖራል» ማለት ነው። ልዩነቱ የአንድ ፊደል መጥበቅ ብቻ ነው። በላዩ የሃይ-ሃት ጎርፍ ከለቀቃችሁበት አድማጩ የትኛው እንደተባለ አይለይም። ቅኔ በሚወደድበት አገር ሰሚ ሰሙንም ወርቁንም ይፈልጋል፤ ቃሉ ካልተሰማ ወርቁ ጠፋ።

ደረጃ 5፦ ቤዙን አስገቡ

808 (ወፍራም የኤሌክትሮኒክ ቤዝ ድምፅ) የምትጠቀሙ ከሆነ መነሻው ድምፅ ከ41 እስከ 55 ኸርዝ መካከል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ከወረደ ብዙ ስፒከር አያወጣውም፤ ከወጣ ክብደቱ ይቀንሳል። ቤዙን በቱነር አረጋግጡ፤ ከዜማው ጋር ያልተቃኘ 808 ድምፃዊውን ከቁልፉ ያስወጣዋል።

በየቨርሱ (በአዝማቾቹ መካከል ስንኙ የሚባልበት ክፍል) የመጀመሪያ ምት ላይ ቤዙ የቅኝቱን መነሻ ይምታ። ይህ ለድምፃዊው ምልክት ነው። እግሩን የሚያሳርፍበትን ያሳየዋል።

ደረጃ 6፦ ዜማውን ተቀባይ አድርጉት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሌላው ሁሉ በአንድ ቀን ይሠራል፤ ይህ ግን መደማመጥ ይፈልጋል።

በጀመርሁበት ዓመት ከዳር እስከ ዳር ማሲንቆ የሞላበት ቢት ለአንዲት ድምፃዊ ላክሁላት። በጣም ኮርቼበት ነበር። «አንተው ዘፍነህ ጨርሰኸዋል። እኔ የት ልግባ?» አለችኝ። ማሲንቆውን ከቨርሱ ውስጥ አወጣሁት። ከየስንኙ ማብቂያ በኋላ ብቻ ሁለት ሁለት ምት ተውሁለት። በሦስተኛው ቀን ቀድታ ላከችልኝ።

አዝማሪ ሲጫወት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሲዘፍን ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ድምፁን ያጅበዋል፤ ስንኙ ሲያልቅ ማሲንቆውን ይለቀዋል። ማሲንቆ የሰው ድምፅ ካለበት ከፍታ ጋር ይጋጠማል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ከጮሁ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ዜማችሁን በመጀመሪያ እንደፈለጋችሁ ጻፉት።

ለ. ለቨርሱ የሚሆነውን ክፍል ቅዱና ከግማሽ በላዩን አጥፉት። የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ይሁን።

ሐ. በየሁለት ባሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ምት ባዶ ተዉት። የአማርኛ ስንኝ ቤት የሚመታው መጨረሻ ላይ ነው፤ ግሱም ያለው እዚያው ነው። ራፐሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣባት ቦታ እሷ ናት። ብዙ ጀማሪ የከበሮ ጥቅልሉን የሚያስቀምጠው ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ቤቱን ይቀብረዋል።

መ. የማሲንቆ፣ የዋሽንት ወይም የክራር መልሳችሁን ከቤቱ በኋላ አስገቡ።

ሠ. ሙሉው ዜማ በመግቢያውና በአዝማቹ ይመለስ። በአዝማቹም ቢሆን ድምፃዊዋ የምትዘፍነውን ዜማ ደርባችሁ አትጫወቱ፤ የራሷን እንድትፈጥር ተዉላት።

ማሲንቆ ከሰው የምትቀዱ ከሆነ ከመቅዳታችሁ በፊት መነሻውን ድምፅ ከላፕቶፑ አሰሙትና በእሱ ይቃኝ። ማሲንቆ በልማድ የሚቃኘው በድምፃዊው እንጂ በኪቦርድ አይደለም። ከቀዳችሁ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ብዙ ስትስቡት ድምፁ ፕላስቲክ ይሆናል። ደግሞ ክፈሉት፤ ስሙንም ቢቱ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ዘፈን አድርጋችሁ ደርድሩት

8 ባር እየተደጋገመ ለሦስት ደቂቃ ከሄደ ሉፕ ነው፤ ድምፃዊው የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም አያውቅም። በ90 ቢፒኤም የሚሠራ አንድ አደራደር ይኸውና፦

- መግቢያ፦ 4 ባር (11 ሴኮንድ ገደማ)
- አዝማች፦ 8 ባር (21 ሴኮንድ ገደማ)
- ቨርስ፦ 16 ባር (43 ሴኮንድ ገደማ)
- አዝማች፦ 8 ባር
- ሁለተኛ ቨርስ፦ 16 ባር
- አዝማች፦ 8 ባር
- መውጫ፦ 4 ባር

ድምሩ 64 ባር፣ ወደ 2 ደቂቃ ከ51 ሴኮንድ ነው። መግቢያውን አታርዝሙ። ራፐር በቴሌግራም የተላከለትን ቢት በ20 ሴኮንድ ውስጥ ካልወደደው ወደ ሚቀጥለው ያልፋል።

ቨርስ ከመግባቱ በፊት ለግማሽ ባር ከበሮውን አጥፉት። ያች ዝምታ «አሁን ግባ» ትለዋለች። በሁለተኛው ቨርስ የመጀመሪያ 4 ባር ላይ ኪኩን ወይም ቤዙን አንሡ፤ ራፐሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲጀምርና ከዚያ እንዲያድግ መንገድ ይከፍትለታል።

ደረጃ 8፦ ራሳችሁ ስንኝ በሉበት

መዝፈን አያስፈልግም። መናገር ይበቃል። የሚመቸው ስንኝ የወል ቤት ነው፤ በአንድ መስመር 12 ቀለም፣ 6 ላይ ትንሽ እረፍት ያለው። ለሙከራ የምጠቀምበት ይህ ነው፦

አባይ ማዶ ሆኜ ድምፅሽን ሰማሁት፣
ለልቤ ከበሮ ምት አድርጌ ያዝሁት።

አንዱን መስመር በሁለት ባር ዘርግታችሁ በሉት፤ በስልካችሁም ቅዱት። ከዚያ አዳምጡ። «ሆኜ» ላይ ስታርፉ ቢቱ አብሯችሁ ተነፈሰ ወይስ ገፋችሁ? «ሰማሁት» ሲመታ በላዩ የወደቀ ነገር አለ? ከመጀመሪያው መስመር ወደ ሁለተኛው ስትሻገሩ ትንፋሽ አገኛችሁ? አንዱ እንኳ ከጎደለ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። ራፐር ከሆነ የምትጠብቁት ደግሞ ሁለቱንም መስመር በሁለት ባር ውስጥ አፍጥናችሁ ሞክሩ።

ይህን ደረጃ ዘልለው የሚልኩ ልጆች ብዙ ናቸው። እኔ አንድም ቢት ስንኝ ሳልልበት አልልክም።

ደረጃ 9፦ ሚክሱን ለድምፅ ክፍት አድርጉት

የሰው ድምፅ ቃሉ ጎልቶ የሚሰማው ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው። በዜማ መሣሪያዎቻችሁ ላይ ይህን አካባቢ በ2 ወይም በ3 ዲሲቤል ቀንሱ። ብቻውን ሲሰማ ትንሽ የደበዘዘ ይመስላችኋል። ድምፅ ሲገባበት ቦታውን ይይዛል።

ኪክ፣ ስኔርና ቤዝ መሐል ይቀመጡ። ሌላውን ወደ ግራና ቀኝ አውጡት፤ መሐሉ የድምፃዊው ነው። የጠቅላላው ሚክስ (የሁሉም ድምፅ ቅልቅል) ከፍተኛ ጫፍ ከ-6 ዲሲቤል አይለፍ። ለድምፃዊው የምትሰጡትን በሊሚተር (ከፍ ያለውን ድምፅ በሚገታው ኢፌክት) አትጨፍልቁት፤ የተጨፈለቀ ቢት ላይ የገባ ድምፅ ከላዩ የተለጠፈ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ከሄድፎን ውጡ። በስልክ ስፒከር ስሙት። ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ስልክ ብዙም አያወጣም፤ ስለዚህ ቤዛችሁ ከጠፋ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን ትንሽ የሚያሻክር ኢፌክት) ጨምሩበት፣ ከላይ ያሉት ድምፆቹ እንዲሰሙ። የምታውቁት ባጃጅ ነጂ ካለ በእሱ ስፒከር አጫውቱት። ባሕር ዳር ውስጥ ዘፈን ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው።

ደረጃ 10፦ ፋይሉን አውጡና ላኩ

ለማስመረጥ ኤምፒ3 በ320 ኬቢፒኤስ ላኩ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩት፤ የድምፅ መልእክት ጥራቱን ይጨምቀዋል። የድምፅ ምልክታችሁን (ስማችሁን የሚናገር አጭር ቅጂ) በየ30 ሴኮንዱ ማስገባት ትችላላችሁ፣ አዝማቹ ላይ ግን አታስገቡ፤ ሰውዬው ዜማ የሚፈልግበት ቦታ እሱ ነው።

ድምፃዊው ሲስማማ ዋቭ (ያልተጨመቀ ፋይል) በ24 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ አውጡ። እያንዳንዱንም መሣሪያ ለየብቻ አውጡ፤ ሁሉም ፋይል ከዜሮ ይጀምር። ዋሽንቱ 40ኛው ሴኮንድ ላይ ቢገባም ፋይሉ ከዜሮ ይጀምራል። እንደዚያ ካልሆነ የሚሚክሰው ሰው ቦታውን በግምት ይፈልጋል።

በፋይሉ ስም ላይ የቢቱን ስም፣ ፍጥነቱን፣ ቁልፉንና ቅኝቱን ጻፉ።

ደረጃ 11፦ በጽሑፍ ተስማሙ

ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሸጣችሁት ወይስ ለሌላም ትሰጣላችሁ? ክፍያው ስንት ነው? ዘፈኑ ገቢ ካመጣ ድርሻችሁ ስንት በመቶ ነው? ስማችሁ የት ይጻፋል? አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ጓደኛም ቢሆን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቃን ይጠብቃል፤ እናንተ ግን ወረቀት ከሌላችሁ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳችኋል።

ጥንቃቄ፦ ከድሮ ካሴት ቆርጣችሁ የወሰዳችሁት ድምፅ ካለ ባለመብቱን ሳታስፈቅዱ ቢቱን አትሽጡ። ዩቲዩብ ላይ ችግር ሲመጣ የሚጎዳው እናንተን ያመነው ድምፃዊ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

«ቁልፉ ጠፋኝ» ይላል ድምፃዊው። ቤዙ መነሻውን አይመታም፣ ወይም ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ኮርድ አለ። ደረጃ 3ን እና 5ን ፈትሹ።

«ትንፋሽ አጠረኝ» ይላል ራፐሩ። ፍጥነቱን 5 ቀንሱ፤ በየሁለት ባሩ መጨረሻ ያለውን ምት ባዶ አድርጉ።

የማሲንቆው ሳምፕል ከሌላው ጋር ይጣላል። ቱነር አፑ ላይ አጫውታችሁ ስንት ሴንት (በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት መቶኛ) እንደራቀ አንብቡና በዚያው ልክ አንሡት ወይም ዝቅ አድርጉት።

ድምፃዊው ከተቀዳ በኋላ ቃሉ አይሰማም። የድምፁን መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ሃይ-ሃቱንና ማሲንቆውን አጥፍታችሁ ስሙ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከሁለቱ አንዱ ነው።

አንዱን ቢት ለሁለት ሰው ላካችሁና ሁለቱም ቀዱበት። ይህ ጓደኝነት ያፈርሳል። አንድ ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ የቢቱን ስም፣ ለማን እንደላካችሁትና ምን ብሎ እንደመለሰ ጻፉበት። ለሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ደውላችሁ ጠይቁ። «አልፈልገውም» ካለ ብቻ ስሙን ሰርዛችሁ ለሌላው ላኩ።